የፊልም ጀግና ልብስ በቤት፤ ከአዲስ ቅዳም ገበያ ምን ይገኛል?

አዲስ ቅዳም ላይ ሃሎዊን አይከበርም። በዓሉ የሚከበርበት፣ ፈረንጆች ኦክቶበር 31 የሚሉት ምሽት በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ዓመት ቀጥሎ ደግሞ ጥቅምት 20። ያን ሰሞን አዲስ ቅዳም ባለችበት በፋግታ ለኮማ ወረዳ ደጋ የሰው ሐሳብ ያለው ማሳው ላይ ነው። የፊልም ገጸ ባሕርይ መስሎ መልበስ ግን በዚያ ምሽት ብቻ የሚመጣ ጉዳይ አይደለም። ትምህርት ቤቶች በወላጆች ቀን ድራማ ያሳያሉ። የዩኒቨርሲቲና የመሰናዶ ተመራቂዎች «ክሬዚ ዴይ» በሚሉት ቀን ራምቦም፣ ቻርሊ ቻፕሊንም፣ ስፓይደርማንም ሆነው ይውላሉ። አሜሪካ ያለች የአገር ልጅ ደግሞ ጥቅምት በገባ ቁጥር ልጇ «ለሃሎዊን ምን ልልበስ?» ይላታል። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ብር ሳይወጣ እንዴት ይሠራል?

በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚነገረው ነገር ግማሹ ስሕተት ነው። አንዳንዱ ስሕተት ገንዘብ ያባክናል፤ አንዳንዱ ልጅ ያቃጥላል። ስለዚህ አንድ በአንድ ማየቱ ይበጃል።

«ልብስ ለውጦ ሌላ ሰው መምሰል የፈረንጅ ነው»

ሃሎዊን በርግጥ የእኛ አይደለም። ሥሩ አየርላንድና አካባቢዋ ነው፤ በክርስትናው በኩል ደግሞ ኖቬምበር 1 የሚከበረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። ለበዓሉ ፋኖስ ጥንት ይፈለፈል የነበረውም ዱባ ሳይሆን ቀይ ሥር የሚመስል የሥራ ሥር አትክልት ነበር፤ በዱባ የተተካው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ስደተኞች በዓሉን አሜሪካ ካደረሱት በኋላ ነው። በእምነቱ ምክንያት በዓሉን የማይቀበል ቤተሰብ መብቱ ነው፤ ማንም ሊያስገድደው አይገባም።

ልብሱ ግን ሌላ ነገር ነው። የካቲት 23 አዲስ አበባ ላይ ለምድ ደርቦ፣ ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻ አንግቦ ወደ አደባባይ የሚወጣው ወጣት የዐድዋን ዘማች መስሎ ነው። ፋግታ ለኮማ ባለበት በአዊ ዞንም ቢሆን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ፈረሰኛውም ፈረሱም በአባቶች ወግ አጊጠው ነው የሚቀርቡት። በጥንቱ ዘመንም የአንበሳ ጎፈር የሁሉም እጅ ላይ አልነበረም፤ የጭላዳ ዝንጀሮ ጸጉር ለዚሁ ጌጥ ይውል ነበር። የሌለውን ውድ ነገር ባለው ነገር ተክቶ ግርማውን ማምጣት እዚህ አገር የኖረ ጥበብ ነው።

«የፊልም ልብስ ውድ ስለሆነ በቤት አይሞከርም»

ይህኛው ብዙ ሰው ገና ሳይጀምር ያስቆማል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስበት።

«ሃሎዊን» የሚል ርዕስ ያለው የጆን ካርፔንተር አስፈሪ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ጠቅላላ ወጪው 300 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ማይክል ማየርስ የተባለው ገዳይ የሚያጠልቀው ነጭ ጭምብል ዛሬ በዓለም ላይ ከሚታወቁ የፊልም ጭምብሎች አንዱ ነው። ቶሚ ሊ ዋላስ የተባለው የፊልሙ ባለሙያ ጭምብሉን ሆሊውድ ካለ ሱቅ የገዛው ከ2 ዶላር ባነሰ ዋጋ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሠራው የ«ስታር ትሬክ»ን ካፒቴን ከርክ እንዲመስል ነበር። ቅንድቡን ነቀለለት፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፋው፣ ነጭ ቀለም ረጨበት፣ ጸጉሩን አንጨበረረው፤ በቃ። ሰውነቱ ላይ ያለው ደግሞ የመካኒክ ቱታ ነው። ከገበያ የሚገኝ ጭምብልና የጋራዥ ልብስ ናቸው ያን ሁሉ ተመልካች ያስደነገጡት።

«ስታር ዋርስ»ም እንዲሁ ነው። በ1977ቱ ፊልም የሉክ የብርሃን ሰይፍ እጀታ የተሠራው ከአሮጌ የፎቶ ካሜራ ፍላሽ መያዣ ነው፤ ሮጀር ክርስቲያን ለንደን ውስጥ ከአንድ የካሜራ ዕቃ መሸጫ አገኘው፣ ጎማ ቁራጮች ለጠፈበት፣ ጨረሰ። በ1999ኙ ፊልም ደግሞ አንዱ የጄዳይ ባላባት የሚነጋገርበት መሣሪያ በሴቶች ምላጭ መያዣ ቅርጽ የተቀረጸ ነው።

ከእኛ ወደሚቀርበው እንምጣ። ካምፓላ፣ ዋካሊጋ በሚባል ሰፈር፣ አይዛክ ናብዋና የሚባል ኡጋንዳዊ «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተሰኘውን የጦርነት ፊልም በ2010 ሠራ፤ ከ200 ዶላር በታች እንደፈጀ ይነገራል። ባልደረባው ዳውዳ ቢሳሶ የፊልሙን መትረየሶች የበየዳቸው ከተጣለ ብረት ነው። እኛው አገር የተቀረጸው፣ ዳንኤል ታደሰ የተወነበትና በ2015 የታየው «ክራምብስ» ደግሞ ሐሳቡ ራሱ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ዓለም ከጠፋች በኋላ የቀሩት ሰዎች ፕላስቲክ መጫወቻና የሙዚቃ ሸክላ እንደ ውድ ቅርስ ሲይዙ ያሳያል።

ውድ የሆነውም አለ፤ አልክድም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ካናዳ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዘ ዊክንድ የሚለው ዘፋኝ፣ በ2021 ሃሎዊን የ«ጎድፋዘር»ን ዶን ኮርሊዮኔ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ «ዘ ፊፍዝ ኤለመንት» ላይ ያለችውን ሰማያዊ ዘፋኝ መስሎ ወጣ። ያ ባለሙያዎች ፊት ላይ ብዙ ሰዓት የሚደክሙበት ሥራ ነው። ሩት ካርተር ለ«ብላክ ፓንተር» የሠራቻቸው ልብሶችም (በ2019 ኦስካር ያሸለሟት፣ ከመካከላቸው የሙርሲንና የሱርማን የከንፈር ሸክላ የሚያስታውስ ያለባቸው) በሆሊውድ ትልቅ በጀት የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህ ጋር መወዳደር አያስፈልግም። ልጁ የሚፈልገው ጓደኞቹ ሲያዩት «እገሌን ሆነሃል!» እንዲሉት ነው፤ ይህ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ በማስተዋል የሚገኝ ነው።

«ቁርጥ እሱን ካልመሰለ አይታወቅም»

ሰው አንድን ገጸ ባሕርይ ከሩቅ የሚለየው በጥላው ነው፤ በአጠቃላይ ቅርጹና በአንድ ሁለት ምልክቱ። ቻፕሊን በ1914 የታወቀበትን «ዘዋሪ» የተባለ ገጸ ባሕርይ ልብስ ሲያዘጋጅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሱሪው ሰፊ፣ ኮቱ ጠባብ፣ ቆቡ ትንሽ፣ ጫማው ትልቅ። አራቱም ለየብቻቸው ተራ ልብስ ናቸው፤ ያሳወቃቸው አለመመጣጠናቸው ነው። አዲስ ቅዳም ያለ ልጅ ከሰልባጅ የአባቱን ቁመት ሱሪ፣ ከታናሽ ወንድሙ ኮት፣ ከአጎቱ ጫማ ተውሶ፣ አንድ ቀጭን ዱላ ይዞ ቢወጣ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ስፓይደርማንን የሚሞክሩ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፉት የሸረሪቱን ድር መስመር በመስመር ልሣል ሲሉ ነው። ቀይና ሰማያዊው እየተደባለቀ፣ ማርከሩ እየፈሰሰ ልብሱ ይበላሻል። በ2017ቱ የስፓይደርማን ፊልም ላይ ግን ጀግናው ፒተር ፓርከር ራሱ ሀብታም ደጋፊ ከማግኘቱ በፊት የሰፋው ልብስ ሰማያዊ ቱታ፣ እጀታ የሌለው ቀይ ሹራብ ከነቆቡ፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ሸረሪትና ትልልቅ መነጽር ነው። ቀይ ሹራብ ከሰልባጅ ይገኛል። መነጽሩን ከካርቶን ሁለት ቀለበት ቆርጦ፣ ከውስጥ አሮጌ ስስ ካልሲ ወጥሮ መሥራት ይቻላል፤ አሳልፎ ያሳያል።

የእኛ ደጋ ልብስ ደግሞ ለአንዳንድ ገጸ ባሕርያት የተሰፋ ያህል ነው። የ«ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ»ን ጋንዳልፍ የሚፈልግ ግራጫ ባና ይደርብ፣ ረጅም ዘንግ ይያዝ፣ ከበግ ጸጉር ጢም ይሥራ። የሾለው ቆብ የመሶብ ክዳን ነው፤ እናትን አስፈቅዶ፣ ግራጫ ጨርቅ አልብሶ። በርኖስ ለጠንቋይም ለጨለማው ጌታም ይሆናል። ገሳ የደረበ እረኛ ጫካ ውስጥ ከሚኖር የፊልም ፍጡር አይተናነስም። እነዚህን አልባሳት ትቶ ቻይና ሠራሽ ቀጭን ናይለን መመኘት ያሳዝነኛል፤ ሙቀታቸውም ግርማቸውም አይወዳደርም።

አንድ መፈተኛ አለ። የለበሰውን ልጅ ከመንገዱ ማዶ፣ ፀሐይ ከጀርባው ሆና አቁሙትና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ጥላው ማንን እንደሚመስል ከታወቀ ሥራው አልቋል። ካልታወቀ የጎደለው ሌላ ቀለም ሳይሆን ሌላ ቅርጽ ነው።

«በቤት የተሠራ ሁሉ ርካሽ ነው»

አይደለም። ኮላ፣ የሚረጭ ቀለም፣ ስፖንጅ፣ ጨርቅ ሁሉን አዲስ ከገዛችሁ ከተዘጋጀው ልብስ ሊበልጥ ይችላል። ወጪ የሚቀንሰው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለው ይፈለግ፤ ቀጥሎ ከዘመድና ከጎረቤት ውሰት፤ ቀጥሎ በረንዳ ላይ የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ። ገንዘብ የሚወጣው በመጨረሻ፣ በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ያም ገጸ ባሕርዩን የሚያሳውቀው ምልክት ይሁን። ለስፓይደርማን ቀይ ሹራቡ፣ ለቻፕሊን ቆቡ። ልብስ ሰፊው ዘንድ ስትሄዱም «ሙሉ ልብስ ስፋልኝ» ከማለት «ይህን ትከሻ አጥብብልኝ» ማለት ዋጋው የተለያየ ነው። የተዋሳችሁትን ልብስ አትቁረጡ፣ ቀለምም አታስነኩት፤ በመርፌ ቁልፍ ያዙት፣ ሲያልቅ ይፈታል።

«ካርቶንና ወረቀት ወዲያው ይፈርሳል»

የሚፈርሰው አሠራሩ ሲሳሳት ነው። የካርቶን ወረቀት በውስጡ የተደረደሩ ሞገዶች አሉት፤ በሞገዱ አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ተቃራኒውን ግን ይሰበራል። ለደረትና ለክንድ ጋሻ ሞገዱ ወደ ቁመት እንዲሆን ቁረጡት፣ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እየጎተታችሁ አለስልሱት፤ ሰውነት ላይ ይጠቀለላል። ጠርዙን በወረቀት ማሸጊያ ሳትሸፍኑ ቀለም አትቀቡ፤ እርጥበት የሚገባው በዚያ ነው።

ለራስ ቁርና ለጭምብል የዱቄት ሙጫ ይበቃል። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጥና በአራት ኩባያ የፈላ ውኃ ላይ እየተማሰለ ይጨመራል፤ እንደ አጥሚት ሲወፍር ይወርዳል። እንዳይሻግት ጥቂት ጨው ይግባበት። የጋዜጣ ቅዳጅ እየነከሩ በተነፋ ፊኛ ላይ ሦስት አራት ጊዜ መደራረብ ነው። ደጋ ላይ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ አንዱ ንብርብር ሳይደርቅ ሌላው ከተጨመረ ውስጡ ይሻግታል። ስለዚህ በቀን አንድ ንብርብር ብቻ፣ ፀሐይ ላይ። ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ቅርጹን ያጣምመዋል።

ከካርቶን የሚበልጥ ነገር ግን አዊ ውስጥ አለ፤ ቀርከሃ። የደጋ ቀርከሃ ቀላል ነው፣ ገና እርጥብ ሳለ በቀጭኑ ሲሰነጠቅ ደግሞ እንደፈለጉት ይታጠፋል፤ ታስሮ ሲደርቅ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። ለክንፍ፣ ለሰፊ ትከሻ፣ ለትልቅ አውሬ ራስ አጽም የሚሆን ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። እንጅባራ ላይ ወንበርና ቅርጫት የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የእነሱ ሥራ ትርፍራፊ ለአንድ ልጅ ልብስ ይተርፋል። ስንጥሩ እጅ ይቆርጣልና በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፤ ቆዳ የሚነካው ቦታ ሁሉ በጨርቅ ይጠቅለል።

የማዳበሪያ ከረጢትም ጥሩ ነው፤ ጠንካራ፣ ነጭ፣ ዝናብ የማይጎዳው። ግን የስኳር ወይም የዱቄት የነበረው ይመረጥ። እውነተኛ ማዳበሪያ የተያዘበት ቆዳ ያሳክካል፤ የተባይ መድኃኒት የነካው ማንኛውም ዕቃ ደግሞ ታጥቦም ቢሆን ልጅ አይልበሰው።

«ተፈጥሯዊ ቀለም ፊት አይጎዳም»

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» በ1939 ለዕይታ ከመብቃቱ በፊት የቆርቆሮውን ሰው እንዲጫወት የተመረጠው ባዲ ኢብሰን ነበር። ፊቱን የሚያብለጨልጨው የአሉሚኒየም ብናኝ ሳንባው ገብቶ፣ ቀረጻው በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ መተንፈስ አቅቶት ሆስፒታል ገባ፤ ሚናው ለጃክ ሄሊ ተሰጠ፣ ብናኙም በቅባት ተለወጠ። ጠንቋይዋን የተጫወተችው ማርጋሬት ሃሚልተን ደግሞ በእሳት ትርኢት ላይ ተቃጠለች፤ አረንጓዴው ቅባቷ መዳብ ስለነበረበት ከቆሰለው ፊቷ ላይ በአልኮል መጥረግ ግድ ሆነ። እነዚህ የዘመኑ ታላቅ ስቱዲዮ ባለሙያዎች የቀቧቸው ሰዎች ናቸው።

የእኛን አገር አደጋ ልንገራችሁ። የባትሪ ድንጋይ ተሰብሮ ከውስጡ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት የጥቁር ሰሌዳ ማጥቆሪያ ሆኖ ሲያገለግል ያየ ልጅ ፊቱንም ይቀባበታል። ዱቄቱ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው፤ አብሮት ያለው የዚንክ ወይም የአሞኒየም ጨው ደግሞ ቆዳ ያቆስላል፣ ዓይን ያቃጥላል። በፍጹም። የግድግዳና የቆርቆሮ ቀለምም እንዲሁ በፍጹም።

ኩልም ከጥንት ጀምሮ የምንኳለው ስለሆነ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ገበያ ላይ በኩል ስም የሚሸጥ ብዙ ድንጋይ እርሳስ አለበት፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኩል ለመዋቢያነት እንዳይሸጥ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሰልስ? ፋግታ ለኮማ በዲከረንስ ዛፍና በከሰሉ የታወቀ ወረዳ ስለሆነ ይህ መልስ ይገባዋል። በደንብ የደቀቀና የተነፋ ከሰል ከቫዝሊን ጋር ተለውሶ ጉንጭና ግንባር ላይ ሊቀባ ይችላል፤ ዓይንና አፍንጫ አካባቢ ግን አይጠጋ፤ ቅንጣቱ ዓይን ይጭራል፣ ደረቅ ብናኙ አስም ያለበትን ልጅ ያስጨንቃል። ማንኛውንም ቀለም ከአንድ ቀን በፊት ክንድ ላይ ሞክሩት፤ ከቀላ ወይም ካሳከከ ይቅር። ሲነሣ በመጀመሪያ በዘይት ይታሽ፣ ከዚያ በሞቀ ውኃና በሳሙና፤ እየፈተጉ ማስለቀቅ ቆዳ ይልጣል።

«ጥጥ አይቃጠልም»

ይቃጠላል፤ የተባዘተ ጥጥ ደግሞ በብልጭታ። ናይለን እየቀለጠ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከጨርቆቹ ሁሉ እሳት ቶሎ የማይዘው ሱፍ ነው፤ ጢሙን ከበግ ጸጉር ሥሩ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እንግሊዝ ውስጥ የአንዲት ታዋቂ የቴሌቪዥን አቅራቢ ልጅ የሃሎዊን ልብሷ በሻማ ተያይዞ ክፉኛ ተቃጠለች፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉ ልብሶች ከልጆች ፒጃማ ያነሰ የእሳት ፍተሻ እንደሚደረግባቸው ብዙ ወላጅ አወቀ። መብራት ሲጠፋ ሻማና ጧፍ በሚበራበት፣ የከሰል ምድጃ መሬት ላይ በሚቀመጥበት ቤት መሬት የሚጎተት ካባ መልበስ አደገኛ ነው። ካባው ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቅር፣ እጀታው አይንዘርፈፍ።

«ልብስ ነው፣ ምን ችግር አለው?»

ሁለት ነገር ላይ ችግር አለው። የወታደርና የፖሊስ የደንብ ልብስ ያለ ሥልጣን መልበስ በሕግ ያስጠይቃል። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለበት የግጭት ሁኔታ ደግሞ ዝንጉርጉር ልብስ ለብሶ የእንጨት ጠመንጃ ይዞ መንገድ ላይ መታየት ጨዋታ ሆኖ ላይቆጠር ይችላል። ራምቦ በግንባሩ ቀይ ጨርቅ ብቻም ይታወቃል፤ ጠመንጃው ይቅር። የካህናትና የመነኮሳት ልብስም ለመሣቂያ አይዋል።

ሁለተኛው ጭምብል ነው። ፊት የሚሸፍን ጭምብል በግራና በቀኝ ያለውን ይጋርዳል፤ አዲስ ቅዳም ደግሞ እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አውቶቡስ፣ አይሱዙ፣ ባጃጅ ይመላለሱባታል። አሜሪካ ውስጥ የ42 ዓመት የመንገድ አደጋ መዝገብ ያገናዘቡ ተመራማሪዎች በሃሎዊን ምሽት እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞት አደጋ ከሌሎች ተመሳሳይ ምሽቶች በ43 በመቶ እንደሚበልጥ በ2019 አሳትመዋል። የዓይኑን ቀዳዳ አስፉ፤ አፍንጫና አፍ ላይ ፌስታል አይግባ። ልጁ መንገድ ላይ ሲሆን ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ያውጣው፤ መድረክ ላይ ወይም ግቢ ሲደርስ ያውርደው። ልብሱ ጥቁር ከሆነ ጀርባው ላይ ነጭ ጨርቅ ስፉበት፤ ሲመሽ የሾፌር መብራት የሚያርፍበት ነገር ያስፈልገዋል።